«ድሪቶ» የተባለው ጥበብ

ድሪቶ በአማርኛ የክብር ቃል አይደለም። ያረጀ ልብስ በሌላ ያረጀ ልብስ ይጣፋል፤ ጥፉም በተራው ሲያረጅ ሌላ እራፊ ይደረብበታል፤ በመጨረሻ የመጀመሪያው ጨርቅ የትኛው እንደ ነበረ የማይለይበት ደረጃ ሲደርስ ድሪቶ ይባላል። ድሀ ብርድ ይከላከልበታል፤ ባለጸጋ ይስቅበታል።

ይኸው ቃል ከልብስ ተርታ ወጥቶ በሥነ ጥበብ ሂስ ውስጥም ቦታ አግኝቷል። ዕድሜውን በብሩሽ ወይም በብዕር ያሳለፈ አንጋፋ ከያኒ መቀስና ሙጫ አንሥቶ፣ ከወረቀት፣ ከጨርቅ፣ ከኬሻና ከቆርቆሮ ቁራጭ ሥዕል መሥራት ሲጀምር፣ «ሽማግሌው ድሪቶ ይጥፉ ጀመር» ይባላል። አነጋገሩ ለስለስ ሲል ደግሞ «የጡረታ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ተዉአቸው» ይሆናል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። የመጀመሪያው ቢያንስ ሥራውን አይቶ ይሳደባል፤ ሁለተኛው ሳያይ ያዝናል።

አነጋገሩ ቀልድ ቢመስልም ፍርድ ነው፤ ፍርድም አፈጻጸም አለው። «ድሪቶ» የተባለ ሥራ ዐውደ ርእይ ሲዘጋጅ ከሥዕሎች ጋር በግድግዳ ላይ አይሰቀልም፤ ከሙዳይና ከበርጩማ ጎን በጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። (የጅማ ባለ እጆች ከአንድ ግንድ ጠርበው የሚያወጡት ባለ ሦስት እግር በርጩማ የተናቀ ነገር ነው ማለት አይደለም፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው በጠረጴዛ ላይ ስለሚታይ ነው፤ ለግድግዳ የተሠራ ሥዕል ግን ተጋድሞ አይነበብም።) በመዝገብ አይገባም። ዋጋ ሲተመንለት በወረቀቱ ይተመናል። ሠሪው ሲያልፍ ቤተሰብ ዕቃ ያጸዳል፤ የሸራው ሥዕል ለልጅ ልጅ ይቀመጣል፣ የወረቀቱ ግን ለከሰል ማቀጣጠያ ይሆናል። የሚጠፋው እንግዲህ አንድ ሰው በሕይወቱ መጨረሻ የደረሰበት ነገር ነው።

ጉዳዩ በአዲስ አበባ ካሉት ጋለሪዎች ይልቅ በክፍላተ ሀገር ከተሞች ይበረታል። በጅማ ከተማ፣ በመንደራ ቆጪ የሚኖሩ አንድ መምህር ይታሰቡ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሥዕል አስተምረዋል፤ ለትምህርት ቤት ቴያትር መድረክ መጋረጃ ቀለም ቀብተዋል፤ በ60 ዓመታቸው ጡረታ ወጥተዋል። ዐይናቸው ደክሟል፤ ቀኝ እጃቸው ቀጭን መሥመር ሲስብ ይንቀጠቀጣል። ከባሕር ማዶ የሚመጣው የዘይት ቀለም፣ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በጡረታ አበል የሚደፈር አልሆነላቸውም። ስለዚህ ባዶ የቡና ኬሻ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ የልጅ ልጃቸውን ያለቀ ደብተር ሰብስበው መቀስ ያነሣሉ። እኚህ መምህር በስም የሚጠሩ አንድ ሰው አይደሉም፤ አምሳያቸው ግን ከጅማ እስከ አጋሮ፣ ከሊሙ ገነት እስከ ሰቃ አይጠፋም። ታዲያ መምህሩ ከሥዕል ወደ ኋላ ሄዱ ወይስ ወደ ፊት? ክርክሩ ሁሉ በዚህ ላይ ነው።

«ኮላዥ ከውጭ የተቀዳ ፋሽን ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። ስሙ በእርግጥ ፈረንሳይኛ ነው፤ መለጠፍ፣ ማጣበቅ ማለት ነው። በፓሪስ ፒካሶና ብራክ እ.ኤ.አ. በ1912 ሥዕላቸው ላይ የታተመ ሰም ጨርቅና የግድግዳ ወረቀት ከለጠፉ በኋላ በሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ስሙን ተከለ። ስም መትከልና ነገሩን መጀመር ግን ይለያያሉ። የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት አገላብጦ ያየ ሰው፣ ደጓሹ ከእንጨት የተሠራውን ገበታ ቆዳ ካለበሰ በኋላ ቆዳው ወደ ውስጥ ታጥፎ በሚተወው ባዶ ቦታ ላይ የጨርቅ ቁራጭ እንደሚለጥፍ ያውቃል። ጨርቁ ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ ሐር ወይም ግምጃ ነው፤ አበባው መሐል ላይ የተቆረጠ፣ ምናልባት ከአንድ የተከበረ ሰው ልብስ የተረፈ። ደጓሹ ቁራጩን የሚያኖረው መጽሐፉ ሲከፈት መጀመሪያ ዐይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። የብራና ፋቂው ደግሞ ቆዳው ሲወጠር የተቀደደውን ቀዳዳ በክር ይሰፋል፤ ጸሐፊው ስፌቱን ዞሮ ይጽፋል። የአብያተ ክርስቲያናት የግድግዳ ሥዕሎችም ብዙዎቹ በቀጥታ በግድግዳው ላይ የተሣሉ አይደሉም፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው። በዚህ አገር ሙጫ የጥበብ መሣሪያ ከሆነ ዘመን የለውም።

የከተማው ሕዝብስ? ባለፈው ትውልድ ዘመን በጭቃ በተመረገ ቤት ያደገ ሰው ግድግዳው በጋዜጣና በመጽሔት ገጽ ተለጥፎ ያስታውሳል። ሙጫው በቤት ይዘጋጅ ነበር፤ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ በእሳት ላይ እስኪወፍር ይማሰላል። ሥራው እንዲሁ በዘፈቀደ የሚሠራ አልነበረም። ፎቶግራፍ ያለበት ገጽ እንግዳ በሚቀመጥበት አንጻር ይውላል፤ ጽሑፍ ብቻ ያለበት ከአልጋው ጀርባ ይገባል፤ ባለቀለሙ የመጽሔት ሽፋን ከመስኮቱ ብርሃን በሚደርስበት። ፊደል የቆጠረ ልጅ አንገቱን አዙሮ የተዘቀዘቀ አርእስት ያነብ ነበር፤ ግማሹ በሌላ ገጽ ስለ ተሸፈነ ቀሪውን ከራሱ ይፈጥራል። የቤቱ እመቤት «ኮላዥ» የሚለውን ቃል ሰምታ አታውቅም። የቦታ፣ የብርሃንና የክብር ሚዛን ግን ታውቃለች። በመንደራ ቆጪ መምህሩ መቀስ ሲያነሡ የሚቀጥሉት ይህን እንጂ ፓሪስን አይደለም።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ተቃዋሚው ሌላ ክርክር አለው፤ እሱ ጠንከር ያለ ነው። «ቁራጮቹ የሌላ ሰው ሥራ ናቸው» ይላል። «ፎቶግራፉን ያነሣው ጋዜጠኛ ነው፤ ፊደሉን የቀረጸው ማተሚያ ቤት ነው፤ ኬሻውን የሠራው ፋብሪካ ነው። ከያኒው ምን ፈጠረ?» ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከባሕር ማዶ ማስመጣት አያስፈልግም፤ የቅኔ ተማሪ ይመልሰዋል። የሰምና ወርቅ ጥበብ ሁሉ የሚቆመው አንድ ቃል የራሱን ትርጉም ሳይለቅ ሌላ ትርጉም በመሸከሙ ላይ ነው። ቃሉን ባለቅኔው አልፈጠረውም፤ ገበያ ላይ ያገኘው ነው። በጥሩ ኮላዥ ውስጥም የጋዜጣው ቁራጭ ጋዜጣ መሆኑን አይተውም፤ ፊደሉ ይነበባል፣ ቢጫነቱ ይታያል፤ በዚያው ጊዜ ግን የአንዲት ሴት ነጠላ ወይም የዝናብ ደመና ሆኗል። ሰሙ ጋዜጣው ነው። ወርቁ ተመልካቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል ይታየዋል። ቅኔን በክብር፣ ኮላዥን በንቀት የሚያይ ሐያሲ ራሱን ይቃረናል።

ደግሞስ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1961 የተተከለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ድሪቶ ያለው ማን ነው? 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ያ ሥራ ከተቆራረጠ ባለቀለም መስታወት የተገጣጠመ ነው። እስክንድር ቦጎሲያንም ዘመኑን ሙሉ በሸራ ላይ ብቻ አልቀረም፤ በዛፍ ቅርፊት ጨርቅና በቆዳ ላይ ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2001፣ በስድሳዎቹ ዕድሜው ሳለ፣ ከከበደች ተክለአብ ጋር በዋሽንግተን ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ የሠራው ሥራ አሉሚኒየም ነው። ኤልያስ ስሜ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ከወጣ ጀምሮ ቁልፍ፣ ክርና ጨርቅ ሲሰፋ ኖሮ፣ ኋላ የተጣለ የኮምፒዩተር ሽቦና ሰሌዳ ወደ መገጣጠም አመራ፤ ዕቃውን ከሚለቅምባቸው ቦታዎች አንዱ የመርካቶ ምናለሽ ተራ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢዬናሌ ዋና ትርኢት ላይ ታየ። ይህ የሚያስደስት ነው፤ የሚያሳፍርም ጎን አለው። ብዙ ሰው የምናለሽ ተራን ቁራጭ «ጥበብ» ብሎ የጠራው ከውጭ ተደንቆ ሲመለስ ነው። በጅማ ላሉት መምህር ቬኒስ እንዲመሰክርላቸው ይጠበቃል?

«ድህነት የወለደው ነው፤ ቀለም ቢያገኙ ወደ ሸራ ይመለሱ ነበር» የሚለውም አይጸናም። የዚህ ማስረጃ ማቲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941፣ በ71 ዓመቱ፣ ከባድ የሆድ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ከዚያ ወዲህ ብዙውን ጊዜ ያሳለፈው በአልጋና በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው። ቀለም አላጣም፤ ገንዘብም ስምም አላጣም። የዓለም ሠዓሊ ነበር። ረዳቶቹ ወረቀቱን በሙሉ ቀለም እየቀቡ ያቀርቡለታል፤ እሱ በትልቅ መቀስ ይቆርጣል፤ የተቆረጠው በመርፌ በግድግዳ ላይ ይሰካል፤ «ትንሽ ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ» እያለ ቀናትና ሳምንታት ያዛውራል፤ በመጨረሻ ብቻ ይለጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1947 «ጃዝ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። በ1953 የሠራው «ቀንድ አውጣ» በቁመትም በወርድም ወደ ሦስት ሜትር የሚጠጋ ነው፤ ያን ጊዜ 83 ዓመቱ ነበር፣ በዓመቱ ሞተ። በዘመኑ ይህን ሥራ የሽማግሌ ጨዋታ ነው ብለው የናቁ ሐያስያን ነበሩ። ዛሬ ሰው ተሰልፎ የሚያየው ያንኑ ነው። ማቲስ ብሩሹን ቢያኖርም ስድሳ ዓመት ብሩሽ ያስተማረውን ዐይን አላኖረም። ቀለሙንና ንድፉን እስከዚያ ድረስ ለየብቻ ሲሠራ ኖሮ፣ መቀሱ ሁለቱን በአንድ እንቅስቃሴ አገናኘለት።

ከእሱ በፊት በ18ኛው ምዕተ ዓመት ሜሪ ዴላኒ የተባለች እንግሊዛዊት ባሏ ከሞተ በኋላ፣ በ72 ዓመቷ ገደማ፣ ከባለቀለም ወረቀት አበባ መቁረጥ ጀመረች። እያንዳንዱን ተክል ከብዙ ጥቃቅን ቁራጭ በጥቁር ወረቀት ላይ ትለጥፋለች። ዐይኗ እስኪደክም፣ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ፣ አንድ ሺህ የሚጠጋ ሠራች፤ በብሪቲሽ ሙዚየም ተጠብቆ ይገኛል። «በ72 ዓመቷ ጀመረች» ሲባል ተአምር ይመስላል። ነገር ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ጥልፍ ስትጠልፍ፣ ወረቀት ስትቆርጥና ስትሥል የኖረች ሴት ናት፤ አበባዎቹ ከሰባ ዓመት ጥልፍ የወጡ ናቸው። ጥቁር አሜሪካዊው ሮማሬ ቢርደንም ለሃያ ዓመት ያህል ከሣለ በኋላ፣ ሃምሳ ዓመት አልፎት፣ እ.ኤ.አ. በ1963ና በ1964 ወደ ኮላዥ ዞረ፤ የሕዝቡን ፊት ከመጽሔት ፎቶግራፍ እየቆራረጠ ሲገጣጥም የራሱን ድምፅ አገኘ።

እዚህ ላይ ዋናው ነገር ይነሣል። ረጅም የፈጠራ ዘመን ለመቀስ ምን ይሰጠዋል?

የቡና ኬሻ ይወሰድ። ወደ ውጭ የሚላክ ቡና 60 ኪሎ የሚይዝ ኬሻ በላዩ ላይ ፊደልና ቁጥር የታተመበት ነው። ጀማሪ ኬሻውን ሲያገኝ ጽሑፉን ሙሉውን ቆርጦ መሐል ላይ ይለጥፋል፤ ጎኑ የጀበና ፎቶግራፍ ያክላል፤ ተመልካቹ «ቡና» ብሎ እንዲያነብ ይፈልጋል፤ ተመልካቹም «ቡና» ብሎ አንብቦ ያልፋል። ሠላሳ ዓመት የሣለ ሰው ያንኑ ኬሻ ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው ክሩ ወዴት እንደ ተሸመነ ነው። ከፊደሉ ግማሹን ብቻ ያስቀራል። የኬሻውን አፍ የሰፋውን ወፍራም ክር ሳይፈታ ከነስፌቱ ያነሣና የአንድ ሸክም ተሸካሚ የትከሻ መሥመር ያደርገዋል። ከጎኑ ምንም አይለጥፍም፤ ባዶ ቦታ ይተዋል። ያንን ባዶ ቦታ ለመተው ድፍረት ያስፈልጋል፤ ድፍረቱ የሚመጣው ቦታን ሁሉ ሞልቶ፣ ሞልቶ፣ በመጨረሻ ከሰለቸ እጅ ነው። የተንቀጠቀጠው እጅ ቀጭን መሥመር መሳብ አይችል ይሆናል። የት ቆርጦ የት መተው እንዳለበት ግን ከቀድሞው ይልቅ ያውቃል።

በብዕር ለኖረ ሰውም እንደዚሁ ነው። ገጣሚ ስንኝ ሲሰርዝ፣ ጸሐፌ ተውኔት አንድን ትዕይንት ከሦስተኛው ገቢር አንሥቶ ወደ መጀመሪያው ሲያመጣ በመቀስ እየሠራ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ገጣሚም ሠዓሊም ነበር፤ ሁለቱን ሙያዎች አጥር ከልሎ አልለያቸውም። ከሥነ ጽሑፍ የመጣ አንጋፋ ወረቀት ቢቆርጥ «ሙያ ቀየረ» ከሚባል ይልቅ መቁረጡን በሌላ ነገር ላይ ቀጠለ ቢባል ይቀርባል።

ይሁን እንጂ የዚህ ጥበብ ጠላት ነቃፊው ብቻ አይደለም። አድናቂም ይገድለዋል። «ለአንጋፋ ክብር» እየተባለ የቀረበ ሁሉ ሲጨበጨብለት፣ የአንጋፋው ሥራ ከሂስ በላይ ይሆናል፤ ከሂስ በላይ የሆነም ከሂስ ውጭ ነው። ደካማ ኮላዥ አለ፤ ሞልቷል። የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ቆራርጦ በክብ በክብ መደርደር ጥበብ አይሆንም፤ ሠሪው ሰባ ዓመት ቢሞላውም አይሆንም። ከስንዴ ገለባና ከደረቀ የሙዝ ቅጠል እየተሠራ ለጎብኚ የሚሸጠው ጎጆና ጀበናም የእጅ ቅልጥፍናው ቢያስደንቅ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ መሆኑ ገበያ እንጂ ፈጠራ እንደ ወለደው ያሳብቃል። አንጋፋውን ማክበር ማለት ሥራውን እንደ ሸራ ሥዕል በይዘቱና በቅርጹ መመርመር፣ ካልቆመ «አልቆመም» ብሎ መንገር ነው። አዛውንት መምህር ሕይወታቸውን ሙሉ የተማሪ ሥዕል ሲያርሙ ኖረዋል፤ እርማት አይፈሩም። የሚያስቀይማቸው መታዘን ነው።

ኮምፒዩተር በአፍታ ፎቶግራፍ ቆርጦ ስለሚያጋጥም የእጁ ሥራ ጊዜው አልፎበታል የሚሉም አሉ። በማሽኑ ላይ የተቆረጠው ይመለሳል። በእጅ የተቆረጠው አይመለስም፤ በቤት ውስጥ ያለው ያ ገጽ አንድ ብቻ ነው፣ መቀሱ ከሳተ ሳተ። በየበዓሉ በየአዳራሹ የሚሰቀለው የፕላስቲክ ባነርና በእጅ የተለጠፈ ሥዕል ጎን ለጎን ቢታዩ ልዩነቱን ሕፃን ያየዋል፤ አንደኛው ጠርዝ አለው።

አሁን ወደ ተጨባጩ ጉዳይ መግባት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ክርክሩን ያሸነፈ ሥራ በምስጥ ሊሸነፍ ይችላል። የጋዜጣ ወረቀት የሚሠራው ከተፈጨ እንጨት ነው፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን ስለማይወጣ ብርሃን ሲያገኘው ይበጫል፣ ውሎ አድሮም ይሰባበራል። የዱቄት ሙጫ ለበረሮ ምግብ ነው። ጅማ ዝናባም አገር ናት፤ በክረምት እርጥበት ውስጥ የተለጠፈ ይነሣል፣ ይሻግታል። እነዚህ ችግሮች መፍትሔ ያላቸው ናቸው። የወረቀት ቅርስ ጥገና ባለሙያዎች ከስንዴ ዱቄት ፕሮቲኑን አጥበው አውጥተው በቀረው ስታርች ይለጥፋሉ፤ በውኃ ስለሚላቀቅ የተበላሸውን ለማረም ይመቻል። በጅማና በአካባቢው እንሰት አለ፤ ቡላ ደግሞ አብዛኛው ስታርች ነው። አንድ የኬሚስትሪ መምህርና አንድ የሥዕል መምህር ተቀምጠው የቡላ ሙጫ ከስንዴው ጋር ሲወዳደር እንዴት እንደሚይዝ፣ ነፍሳትም እንዴት እንደሚቋቋም ለሁለት ክረምት ቢፈትኑ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

ከባህል ጉዳይ ኃላፊዎች የሚጠበቀውም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በጅማ የአባ ጅፋር ዕቃዎች የተጠበቁበት ሙዚየም አለ፤ የከተማው ሕዝብ ቅርስ መጠበቅ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ዐውደ ርእይ ሲዘጋጅ ኮላዥ በሥዕል ዘርፍ ተመዝግቦ በሥዕል ዳኞች ይታይ። ፀሐይ በቀጥታ ከማይመታውና ከጭቃ ግድግዳ ጥቂት ጣት ርቆ አየር ከሚዘዋወርበት ቦታ ይሰቀል። ሠሪው በሕይወት ሳሉ አንድ መምህር ወይም አንድ ተማሪ ቤታቸው ሄዶ ይመዝግብ፤ በእያንዳንዱ ሥራ ጀርባ ላይ፣ በእርሳስ፣ ስማቸው፣ የተሠራበት ዓመተ ምሕረት፣ ሙጫው ከምን እንደ ተበጠበጠ፣ ኬሻው ከየትኛው የቡና መጋዘን፣ ጋዜጣውም ከየትኛው ዓመት እንደ ሆነ ይጻፍ። ቀለም እርጥበት ሲነካው ይፈሳል፤ እርሳስ ይቆያል።